እንግሊዝኛን በምቱ መናገር፦ ግዕዝና ሳድስን መሣሪያ ማድረግ

«ካናዳ» እና «ባናና» የሚሉትን ቃላት ጮክ ብለው ያንብቡ። በአማርኛ አፍ ሁለቱም ሦስት ሦስት ቀለም ናቸው፤ ሁሉም ራብዕ፣ ሁሉም ተቀራራቢ ርዝመት። እንግሊዝኛ አፉን የፈታበት ሰው ግን የመጀመሪያውን «ካአ-ነ-ደ»፣ ሁለተኛውን «በ-ናአ-ነ» ይላል። አንዷ ቀለም ጎልታ ትሳባለች፣ የቀሩት ወደ ግዕዝ ድምፅ ይወርዳሉ። ሰዋስዉን አብጠርጥረው እያወቁ ሲናገሩ «ምን አልክ?» የሚባሉ ብዙዎች የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነው።

ቀለም የምንለው ግጥም ስንለካ የምንቆጥረውን ነው። የወል ቤት ስንኝ 12 ቀለም ይዞ 6 በ6 ይከፈላል። የእንግሊዝኛ ምት ግን የሚሄደው በጎላው ቀለም ላይ ነው፤ በመሐል ያሉት ተጨፍልቀው ያልፋሉ። አሜሪካዊው የቋንቋ ሊቅ ኬኔት ፓይክ እ.ኤ.አ. በ1945 ቋንቋዎችን በጎላው ቀለም የሚመቱና በየቀለሙ እኩል የሚመቱ ብሎ ለይቶ ነበር። በኋላ በመሣሪያ ሲለካ በምቶቹ መካከል ያለው ጊዜ በእርግጥ እኩል ሆኖ አልተገኘም፤ ልዩነቱ ግን ለጆሮ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በታተመ ጥናት የፈረንሳይ አራስ ሕፃናት እንግሊዝኛን ከጃፓንኛ በምቱ ሲለዩ፣ ተመሳሳይ ምት ካለው ከደችኛ ግን መለየት አልቻሉም።

የሚያስፈልገው ስልክ፣ እርሳስና በቀን 15 ደቂቃ ነው። ከ15 እስከ 20 ሰከንድ የሚፈጅ፣ አንድ ሰው ብቻ የሚናገርበት፣ ሙዚቃ የሌለበትና ጽሑፉ የሚገኝ ቅጂ ይምረጡ። ለአንድ ሳምንት እሱኑ ይያዙ፤ በየቀኑ መቀያየር አይጠቅምም።

1. ጽሑፉን ሳያዩ ሦስት ጊዜ ያዳምጡ። ጎልቶ በተሰማዎት ቦታ ብቻ ጉልበትዎን መታ ያድርጉ። እያንዳንዱን ቀለም እየመቱ ከሆነ ያዳመጡት በአማርኛ ጆሮ ነውና እንደገና ይጀምሩ።

2. ጽሑፉ ላይ ያስምሩ። አብዛኛውን ጊዜ የሚጎሉት ስም፣ ዋና ግስ፣ ቅጽል፣ ተውሳከ ግስ፣ መጠይቅ ቃልና አሉታ ናቸው። መስተዋድድ፣ መስተጻምር፣ ረዳት ግስ፣ ተውላጠ ስም፣ «ዘ» እና «ኧ» ይደበዝዛሉ።

3. የደበዘዙትን በፊደላችን ጽፈው አናባቢያቸውን ወደ ግዕዝ ወይም ወደ ሳድስ ያውርዱ። ትልቁ ሥራ ይህ ነው፤ ደግሞም እኛ የተሻለ ዕድል አለን። ብዙ ተማሪዎች ያንን ደብዛዛ የእንግሊዝኛ አናባቢ ለማውጣት ወራት ይፈጅባቸዋል። እኛ ግን በጣም የሚቀርበውን ድምፅ ከ«ለ» እና ከ«ል» ጀምሮ እናውቀዋለን፤ የሚያሳስተን የላቲኑ ፊደል ነው። ስለዚህ «ቱ» «ተ»፣ «ፎር» «ፈር»፣ «ኦፍ» «ኧቭ»፣ «አንድ» «እን»፣ «ዋዝ» «ወዝ»፣ «ፍሮም» «ፍረም» ይሁን። «አይ ዋንት ቱ ጎ ቱ ዘ ባንክ ፎር ማይ ካርድ» የሚለው «አይ ዋአንት ተ ጎኦ ተ ዘ ባአንክ ፈር ማይ ካአርድ» ይሆናል። ቃሉ ዓረፍተ ነገሩን ሲዘጋ ግን ሙሉ ድምፁን ይመልሳል፦ «ዌር አር ዩ ፍሮም?»

ረጃጅም ቃላትም እንዲሁ ይጻፉ። «ፎኦ-ተ-ግራፍ» ብሎ የጀመረው ቃል ባለሙያውን ሲጠራ «ፈ-ቶኦ-ግረ-ፈር» ይሆናል። ጉልህዋ ቀለም ቦታ ስትቀይር ቀድሞ ጎልቶ የነበረው ይደበዝዛል።

4. ስልክዎ ላይ ምት ቆጣሪ (ሜትሮኖም) ጭነው በደቂቃ 60 ላይ ያድርጉና እነዚህን በየተራ ይበሉ፦

ገርልዝ – ባይ – ብሬድ
ዘ ገርልዝ – ባይ – ዘ ብሬድ
ዘ ገርልዝ ኧር – ባይንግ – ዘ ብሬድ
ዘ ገርልዝ ኧቭ ብን – ባይንግ – ዘ ብሬድ

በእንግሊዝኛ አቆጣጠር ከ3 ቀለም ወደ 8 ሲያድግ ምቱ 3 ላይ ይቆያል። ሲለምድዎት ወደ 80 ከፍ ያድርጉት። ከሳምንት በኋላ ቆጣሪውን ይተዉት፤ ሰው እንደ ሰዓት አይናገርም።

5. ቅጂውን ተከትለው ያንብቡ፣ ራስዎን ይቅዱና ሁለቱን በሰከንድ ያነጻጽሩ። የዋናው 15፣ የእርስዎ 20 ከሆነ መፍትሔው መፍጠን አይደለም። የጎላውን ጨምሮ ሁሉንም ካፋጠኑት ጭራሽ አይሰማም። ትርፉ 5 ሰከንድ የት እንደገባ ይፈልጉ፤ ብዙውን ጊዜ «ቱ»፣ «ፎር»፣ «አንድ» ሙሉ ሆነው ተገኝተዋል፣ ወይም ሳድስ ሳያስቡት ገብቷል። «ስትሪት» በእንግሊዝኛ አንድ ቀለም ነው፤ «እስትሪት» ስንለው ሦስት ይሆናል። ከኋላ ይጀምሩ፦ መጀመሪያ «ሪት»፣ ቀጥሎ «ትሪት»፣ ከዚያ «ስስስ» ብለው ያለ አናባቢ ያፏጩና ያያይዙት።

ሌላው ስሕተት ማጥበቅ ነው። «ሃፒ»፣ «ሰመር»፣ «ሌተር» በላቲኑ ሁለት ሁለት ተነባቢ ስላላቸው አጥብቀን እናነባቸዋለን። ሁሉም ላልተው ነው የሚነበቡት፤ ጉልህነቱ ያለው የመጀመሪያው ቀለም አናባቢ ላይ ነው።

በማዳመጥ በኩል አንድ ጥንድ በደንብ ይለማመዱ። በአሜሪካ አነጋገር «አይ ክን ጎኦ» ማለት እችላለሁ፣ «አይ ካአንት ጎኦ» ማለት አልችልም ነው። የመጨረሻዋ «ት» ብዙ ጊዜ ስለማትሰማ ልዩነቱን የሚነግርዎት አናባቢው ነው። «አይ ካን ጎ» ብለው ሙሉውን ካወጡት አድማጩ እምቢ እንዳሉ ሊቆጥረው ይችላል።

ውጭ አገር አድገው አማርኛ ለሚማሩ ልጆች አካሄዱ ይገለበጣል። ልጁ «ሰ-ላአም» እያለ አንዷን ከሳበ በየቀለሙ እኩል እያጨበጨበ ይበል። ቀጥሎ «እሱ ይሰማል» እና «ድምፁ ይሰማል» ያስደግሙት። በመጀመሪያው «ሰ» እና «ማ» ላልተው ያልፋሉ፤ በሁለተኛው ሁለቱም ይጠብቃሉ። በሁለተኛው «ስ» ላይ አንድ ጭብጨባ ያህል፣ «ም» ላይም ከንፈሩን ገጥሞ ያንኑ ያህል ይቆይ።