ድምፅን በዓይን ለማየት፦ በቤት ውስጥ የሚሠራ ስፔክትረም አናላይዘር

ማሲንቆና ዋሽንት በአንድ ቃና ላይ ቢገናኙ እንኳ ጆሮ ሳይቸገር ይለያቸዋል። እያንዳንዱ መሣሪያ ከመሠረታዊው ድምፅ ጋር የእሱ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እጥፍ የሆኑ ሌሎች ድምፆችን በየራሱ መጠን አብሮ ያሰማልና። ስፔክትረም አናላይዘር ድምፅን በድግግሞሽ፣ በተለምዶ ፍሪኩዌንሲ በምንለው፣ ከፋፍሎ የእያንዳንዱን ክፍል ጉልበት ከፍና ዝቅ በሚሉ የብርሃን ዓምዶች የሚያሳይ መሣሪያ ነው።

የሚያስፈልጉት ዕቃዎች ጥቂት ናቸው፦ አንድ የኢኤስፒ32 ማይክሮኮንትሮለር (በአንድ ቺፕ ላይ ያለ ትንሽ ኮምፒውተር) ሰሌዳ፣ አይኤንኤምፒ441 የተባለ ዲጂታል ማይክሮፎን፣ በማክስ7219 ቺፕ የሚሠሩ አራት ባለ 8 በ8 የኤልኢዲ ሰሌዳዎች አንድ ላይ ተያይዘው የሚሸጡበት ማሳያ፣ 5 ቮልት የሚሰጥ ቻርጀር፣ ብሬድቦርድ (ሽቦዎች ያለ ብየዳ የሚሰኩበት ሰሌዳ) እና ሽቦዎች። ማሳያው 32 ዓምድና 8 ረድፍ ይኖረዋል። ብዙ ሰው በእጁ ባለው አርዱዊኖ ኡኖ መጀመር ይፈልጋል፤ ነገር ግን የተለመደው ኡኖ (አር3) ያለው ማስታወሻ 2 ኪሎባይት ብቻ ከመሆኑም በላይ በተለመደው አሠራሩ በሰከንድ ወደ 9,600 ጊዜ ያህል ብቻ ስለሚለካ፣ ከ4,800 ሄርዝ (በሰከንድ የንዝረት ብዛት) በላይ ያለውን ድምፅ በትክክል ማሳየት አይችልም። አናሎግ ማይክሮፎንንም አልመክርም፤ የኢኤስፒ32 የቮልቴጅ መለኪያ በዝቅተኛውና በከፍተኛው ጫፍ ላይ ይዛባል፣ ዲጂታሉ ማይክሮፎን ግን ልኬቱን በራሱ ውስጥ አከናውኖ ቁጥሩን ብቻ ይልካል።

ማይክሮፎኑን ከ3.3 ቮልት ጋር ብቻ ያገናኙት፤ 5 ቮልት ሊያበላሸው ይችላል። ኤስሲኬ የሚለውን እግር ከኢኤስፒ32 26 ቁጥር፣ ደብልዩኤስን ከ25፣ ኤስዲን ከ33 ጋር፣ ኤል/አርን ደግሞ ከግራውንድ ጋር ያያይዙ። ከማሳያው ዲን ወደ 23፣ ሲኤልኬ ወደ 18፣ ሲኤስ ወደ 5 ይሄዳል፤ ኃይሉን ግን ከ5 ቮልቱ ይወስዳል። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚያልፉት ነገር አለ። ማክስ7219 በ5 ቮልት ሲሠራ አንድን ምልክት እንደ ከፍተኛ የሚቆጥረው ከ3.5 ቮልት ጀምሮ ሲሆን፣ ኢኤስፒ32 የሚያወጣው 3.3 ብቻ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ያለ ችግር ይሠራል፤ ማሳያው ከተንቀጠቀጠ ወይም ያልታዘዘ ነጥብ ካበራ ግን በመካከል የ3.3 ቮልቱን ምልክት ወደ 5 ቮልት የሚያሳድገውን 74ኤችሲቲ125 ቺፕ ማስገባት ትክክለኛው መፍትሔ ነው። የብርሃኑን ደረጃም ከ0 እስከ 15 ካለው መካከል በ2 ወይም በ3 ይገድቡት፤ አንድ ማክስ7219 መብራቶቹ ሁሉ በሙሉ ድምቀት ሲበሩ እስከ 330 ሚሊአምፔር ስለሚወስድ፣ አራቱ አብረው ከተለመደው የኮምፒውተር ዩኤስቢ አቅም በላይ ይሆናሉ።

ወደ ፕሮግራሙ ስንመጣ፣ የመሣሪያው እውነተኛነት የሚወሰነው በናሙና አወሳሰዱ፣ ማለትም ድምፁ በየቅጽበቱ በሚለካበት መንገድ ላይ ነው። ድምፁን በሰከንድ 44,100 ጊዜ እንዲለካ ያድርጉ። አንድን ድግግሞሽ ለመለየት ቢያንስ ከእጥፉ በላይ በሆነ ፍጥነት መለካት ግዴታ ስለሆነ፣ የምናየው ከ22,050 ሄርዝ በታች ያለውን ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ሳይጣራ ቢገባ ኖሮ ራሱን ለውጦ በመጣ ነበር፤ ለምሳሌ 30,000 ሄርዝ 14,100 መስሎ ይታይ ነበር። ይህን ማጣራት ማይክሮፎኑ ራሱ ይሠራልናል።

2,048 ናሙናዎች ሲጠራቀሙ አማካያቸውን ከእያንዳንዱ ይቀንሱ፣ ጫፎቹን ቀስ ብሎ ወደ ዜሮ በሚያወርደው የሃን መስኮት ያባዙ፤ መስኮቱ ከሌለ የአንዱ ድምፅ ጉልበት ወደ ጎረቤቶቹ ይፈስሳል። ከዚያ ናሙናዎቹን በድግግሞሽ የሚከፋፍለውን ፈጣኑን የፎሪየር ስሌት ያካሂዱ፤ ከስሌቱ የሚወጣውን እያንዳንዱን ጠባብ የድግግሞሽ ክፍል እርከን እንለዋለን። ኩሊና ቱኪ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1965 ባሳተሙት በዚህ ዘዴ፣ በቀጥታው መንገድ 4 ሚሊዮን ያህል ብዜት የሚጠይቀው ሥራ ወደ 22 ሺህ ገደማ ይወርዳል። ስሌቱን በፍሎት (ባለ 32 ቢት የአስርዮሽ ቁጥር) እንጂ በደብል (ባለ 64 ቢት) አይሥሩት፤ የኢኤስፒ32 የአስርዮሽ ማስሊያ ክፍል የሚያውቀው ፍሎትን ብቻ ነው።

ለምን 2,048? በ1,024 ናሙና እያንዳንዱ እርከን 43 ሄርዝ ይሰፋል፣ የሚወስደውም ጊዜ 23 ሚሊሰከንድ ነው፤ በ2,048 እርከኑ ወደ 21.5 ሄርዝ ይጠብባል፣ ጊዜው ግን 46 ሚሊሰከንድ ይሆናል። የከበሮ ምት ፍጥነትን ይፈልጋል፣ የቤዝ ድምፆችን መለየት ደግሞ ትዕግሥትን። እኔ የምመርጠው 2,048ቱን ይዞ 1,024 አዲስ ናሙና በገባ ቁጥር፣ የቀድሞውን ግማሽ ሳይጥሉ፣ ስሌቱን ማደስ ነው።

እርከኖቹን ለ32 ዓምዶች እኩል ማከፋፈል ትልቅ ስሕተት ነው። እንዲህ ቢደረግ አንድ ዓምድ 689 ሄርዝ ይይዛልና የወንድ ድምፅ መሠረታዊ ቃናዎች ሁሉ ማለት ይቻላል በመጀመሪያው ዓምድ ውስጥ ይዋጣሉ። ጆሮ ከ100 እስከ 200 ያለውንና ከ5,000 እስከ 10,000 ያለውን እኩል ርቀት አድርጎ ስለሚሰማ፣ ዓምዶቹም እየሰፉ መሄድ አለባቸው። የመጀመሪያዎቹ አንድ አንድ እርከን ይውሰዱ፤ ከዚያ በኋላ ስፋታቸው በተመሳሳይ ብዜት እያደገ 15,000 ሄርዝ ላይ ይቁም፤ የማይክሮፎኑም ወሰን እዚያ ነው። ቁመቱን የድምፅ ጉልበት በሚለካበት በዲሲቤል ያስሉ፤ ለአንድ ረድፍ 6 ዲሲቤል ቢሰጡ 8ቱ ረድፎች 48 ዲሲቤል ያሳያሉ። ዓምዱ ሲወጣ ወዲያውኑ ይውጣ፣ ሲወርድ ግን አንድ አንድ ረድፍ ይውረድ፤ ያለዚህ ዓይን አይከተለውም።

ሥራው ሲያልቅ ከስልክ የ440 ሄርዝ ቃና ያሰሙት። ትልቁ ቁጥር፣ እርከኖቹ ከዜሮ ሲቆጠሩ፣ በእርከን 20 ላይ ሊገኝ ይገባል፤ 1,000 ሄርዝ ደግሞ በእርከን 46። ከዚህ ከራቀ የናሙናው ፍጥነት ያሰቡት አይደለም ማለት ነው፤ ሌላ ነገር ከመነካካትዎ በፊት እሱን ያስተካክሉ። ቀጥሎ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ የእያንዳንዱን ዓምድ የዝምታ መጠን ለክተው ከውጤቱ ይቀንሱ።

ሣጥን ሲያበጁለት ለማይክሮፎኑ ቀዳዳ መተው አይርሱ፤ የማይክሮፎኑ የድምፅ መግቢያ በብዙዎቹ ሰሌዳዎች ላይ ከብረት ክዳኑ በተቃራኒ ጎን ያለች ጠባብ ቀዳዳ ስለሆነች፣ ሙጫም ሆነ የብየዳ ቆርቆሮ እንዳይደፍናት ይጠንቀቁ።