ኮምፒውተር የሒሳብ መልስ ሲያርም የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ስታክ የተማሪን የሒሳብ መልስ ማክሲማ በተባለ የአልጀብራ ሶፍትዌር የሚያርም ፕሮግራም ነው። ጎበዝ ነው፤ ግን የሚመልሰው የጠየቃችሁትን ብቻ ነው። እዚህ የምንጽፋቸው ቀመሮች ላይ ተለዋዋጩን «ሀ» እንበለው።

ተማሪው ምንም ሳይሠራ ሙሉ ማርክ አገኘ

ጥያቄው «(ሀ+1)(ሀ+2)ን ዘርዝር» ይላል። ተማሪው ያንኑ ቅንፍ መልሶ ጻፈ። ፕሮግራሙም «ትክክል» አለው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ፕሮግራሙ አንዱን መልስ ከሌላው ቀንሶ ያቃልላል፤ ዜሮ ከመጣ እኩል ናቸው ይላል። ከሀ²+3ሀ+2 ጋር ደግሞ በእርግጥም እኩል ነው።

መፍትሄው ሁለት ፍተሻ ማስቀመጥ ነው፦ መጀመሪያ እኩልነት፣ ቀጥሎ ቅርጽ። ቅርጹ ላይ ለወደቀ «ዋጋው ልክ ነው፣ ግን አልተዘረዘረም» የሚል ግብረ መልስ ጻፉለት። ለእኔ ይህቺ መስመር ከማርኩ ትበልጣለች። ቅርጽ ስትፈትሹ ራስ-ሰር ማቃለሉን አጥፉት፤ አለበለዚያ 2/4 ሳይታይ 1/2 ሆኖ ያልፋል።

ልክ የሆነ ኢንቴግራል ዜሮ ማርክ አገኘ

የ2·ሳይን(ሀ)·ኮሳይን(ሀ) ኢንቴግራል ሲጠየቅ አንዱ ሳይን²(ሀ) ብሎ ቋሚ ይደምርበታል፣ ሌላው −ኮሳይን²(ሀ) ብሎ። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ያለ ቋሚው ልዩነታቸው 1 ብቻ ነው። ስለዚህ መልስን ከመልስ አታወዳድሩ። የተማሪውን መልስ ዴሪቬቲቭ አውጡና ከጥያቄው ጋር አስተያዩት። ቋሚው መኖሩን ለብቻው ፈትሹ።

ሀ(ሀ+1) የጻፈው ተማሪ ግራ ተጋባ

ፕሮግራሙ «ሀ» የሚባል ፈንክሽን መስሎት ነው። የማባዣ ኮከብ በራሱ እንዲያስገባ ፍቀዱለት። ተማሪውም ከማስረከቡ በፊት መልሱ እንዴት እንደተነበበ ይታየው። በአጻጻፍ ስህተት ማርክ መቁረጥ ደግሞ አግባብ አይደለም።

1/3 ሲጠበቅ 0.33 ተጻፈ

ክፍልፋይ ከፈለጋችሁ ጥያቄው ላይ በግልጽ ጻፉ። ካልሆነ የሚፈቀደውን የስህተት መጠን ወስኑ።

እኩል የሆኑትን አይለይም

ዳንኤል ሪቻርድሰን እ.ኤ.አ. በ1968 እንዳረጋገጠው፣ ሳይንና መሰል ፈንክሽኖች የገቡበት ቀመር ዜሮ መሆን አለመሆኑን ሁልጊዜ የሚለይ ስልት የለም። ለክፍል ጥያቄ ግን የተለያዩ ቁጥሮችን ተክቶ ማየት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

ቅሬታ ያላቸው ጥቂቶች ብቻ ናቸው

ስታክ ለየተማሪው የተለያዩ ቁጥሮች ያሉት የጥያቄ ቅጂ ሊሰጥ ይችላል፤ በዘፈቀደ የወጡትን ቁጥሮች ተመልከቱ። የሀ² አባዢ 0 የደረሰው ተማሪ የካሬ እኩልታ አልደረሰውም። 0ን ከምርጫው አስወጡ፤ ቅጂዎቹን አስቀድማችሁ አዘጋጁና እያንዳንዱን በትክክለኛም በተሳሳተም መልስ ሞክሩ።