ስብሰባ ላይ ድምፄ መንቀጥቀጡን እንዴት አቆምኩት

የመሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ ተራዬ ሲደርስ ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሐሳቡ አለኝ፤ አፌ ግን ይደርቃል። የረዳኝን ልጻፍ፣ የሚቸገር ካለ ይጠቅመዋል።

ዋናው ትንፋሽ ነው። ስንፈራ ሰውነታችን ውስጥ አድሬናሊን የሚባል ሆርሞን ይለቀቃል። ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽም ያጥራል። ድምፅ የሚወጣው በትንፋሽ ስለሆነ አብሮ ይናጋል። አየር ስናስወጣ ደግሞ የልብ ምት በተፈጥሮው ረገብ ይላል። ስለዚህ ከመናገሬ በፊት በአፍንጫዬ እስከ ሆዴ ድረስ እስባለሁ፤ ከሳብኩበት ጊዜ አስረዝሜ ቀስ ብዬ አስወጣለሁ። ደጋግሜ። ማንም ልብ አይለውም።

ተራ መጠበቅም ትቻለሁ። ፍርሃትን የሚያሳድገው መጠበቁ ነው። ገና ሲጀመር አጭር ጥያቄ እጠይቃለሁ። የመክፈቻዬን ዓረፍተ ነገር ብቻ በቃሌ እይዛለሁ፤ ሙሉውን መሸምደድ አልመክርም፣ አንድ ቃል ስትጠፋ ሁሉም ይጠፋል።

በጣም የከበደኝ ዓይን ማየቱ ነው። ትልቅ ሰው ፊት አንገት መድፋት ጨዋነት ነው ተብለን ነው ያደግነው። አክብሮቱን መተው አልፈልግም። አለቃን «እርስዎ» እያሉ ቀና ብሎ ማውራት ግን ይቻላል። አንድ ሐሳብ እስክጨርስ አንድ ሰው አያለሁ፤ ከዚያ ወደ ሌላው።

ልቤ አሁንም ይመታል። ድምፄ ግን አይሰበርም፤ የክፍላችንን ሪፖርት አሁን የማቀርበው እኔ ነኝ።