በጂፕሰም ግድግዳ የላሜራ ቋሚ ላይ የቧንቧ ቀዳዳ እንዴት ይበሳል?

የጂፕሰም ክፍልፋይ ግድግዳ አጽሙ ስስ ላሜራ ነው። ብዙውን ጊዜ ውፍረቱ ከ0.5 እስከ 0.6 ሚሊሜትር ስለሆነ መብሳቱ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው የቱ ጋ እንደሚበሳ ነው። ጣሪያ ወይም ፎቅ የተሸከመ ቋሚ ከሆነ ግን መሐንዲስ ሳታማክሩ አትንኩት።

መጀመሪያ ቋሚዎቹን እዩ። ብዙዎቹ ከፋብሪካ ተበስተው ይመጣሉ። ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ከቆሙ ቀዳዳዎቹ ይገጥማሉ፣ ድሪልም አያስፈልግም። አንዱን ዘቅዝቆ የሚያቆም ባለሙያ ግን አይጠፋም። ካልገጠሙ ከፍታውን በውሃ ልክ ምልክት አድርጉ።

ቀዳዳው የሚበሳው በሰፊው ጀርባ መሃል ለመሃል ነው። ቦርዱ የሚታሰርባቸው ሁለቱ ጎኖች አይነኩም።

እኔ የራሴን መታጠቢያ ቤት ስሠራ ቀዳዳውን ወደ አንድ ጎን አስጠጋሁት። ቧንቧው በግፊት ተፈተነ፣ ጠብ አላለም። ከዚያ ቦርድ ተገጠመ። 25 ሚሊሜትር ብሎን 12.5 ሚሊሜትር ቦርድ አልፎ ሌላ 12 ሚሊሜትር ያህል ወደ ውስጥ ይገባል። አንዱ ቧንቧዬን ወጋው። ወዲያው አልታወቀም፤ ብሎኑ ራሱ የወጋውን ደፍኖት ነበር። ሴራሚክ ከተለጠፈ ከሁለት ወር በኋላ ግድግዳው አበጠ።

ስለዚህ 75 ሚሊሜትር ቋሚ ግዙ። 25 ሚሊሜትር ቧንቧ በ50 ቋሚ መሃል ቢያልፍ በየጎኑ የሚተርፈው 12.5 ብቻ ነው፤ የብሎኑ ጫፍ እዚያው ነው። ቀዳዳው ከቋሚው ስፋት ግማሽ አይብለጥ፤ ለ25 ቧንቧ 32 ይበቃል። ከቋሚው ጫፍ 25 ሳንቲሜትር፣ ከሌላ ቀዳዳ 60 ሳንቲሜትር አርቁ። ወፍራም የፍሳሽ ቱቦ በወለል ይሂድ።

ለመብሳት ክብ ቀዳዳ የሚቆርጠውን የኩባያ ቅርጽ መጋዝ ድሪል ላይ ግጠሙ፤ በዝግታ፣ ትንሽ ዘይት ጠብ እያደረጉ። በግራይንደር አራት ማዕዘን መቁረጥ የሰነፍ ሥራ ነው። ፍንጣሪው የዚንክ ቅቡን ያቃጥላል፣ ከዚያ ዝገት ነው። ጓንትና መነጽር አትርሱ።

ጠርዙን በሞረድ አለስልሱ። ከዚያ ቁራጭ የውሃ ጎማ በቁመቱ ሰንጥቃችሁ ጠርዙን አልብሱት። ላሜራ ፕላስቲክ ቧንቧን እንደ ቢላ ነው የሚፈገፍገው።

4 ሜትር ቧንቧ ሙሉውን ለማሳለፍ አትታገሉ። ቆርጣችሁ አሳልፉና በቋሚዎቹ መሃል በማጋጠሚያ በየዱት።

ቦርዱ ሲገጠም ቧንቧው ከቤቱ ግፊት ከፍ ባለ የሙከራ ግፊት እንደተሞላ ይቆይ። የመለኪያው መርፌ ዝቅ ካለ የመጨረሻዋን ብሎን ፍቱና እዩ።