ሃርነስ ሲታሰርላት ዘፍ የምትል ድመት፦ ችግርና መፍትሄ

ድመቴን በገመድ ይዤ ከኮንዶሚኒየም ስወርድ ያዩ ጎረቤቶች የራሳቸውን ይዘው መምጣት ጀመሩ። እስካሁን ዘጠኝ ድመት አለማምጃለሁ። ገመድ አንገት ላይ እንደማይታሰር፣ ደረትና ሆድ የሚይዝ ሃርነስ እንደሚያስፈልግ ታውቃላችሁ ብዬ ልጀምር።

ምልክት፦ ሃርነሱ ሲታሰርላት ትተኛለች፣ አትነሳም

ከዘጠኙ ሰባቱ ላይ ያየሁት ይሄንን ነው። ሆዷን ወለሉ ላይ ትለጥፋለች፣ ወይ በጎኗ ትወድቃለች፣ ዓይኗን አፍጥጣ ትቀራለች። አንዷ ጎረቤቴ «ድመቴ ሽባ ሆነች» ብላ እያለቀሰች ደውላልኛለች። ሮጬ ሄድኩ። ሃርነሱን ስፈታላት ድመቷ ተነስታ ውሃዋን ጠጣች።

ምክንያቱ ችኮላ ነው። ሃርነሱ ከሱቅ መጥቶ በዚያው ምሽት ይታሰርባታል። ለድመት ገላዋ ሲያዝ ጠላት እጅ እንደ መግባት ነው። ስንፍና አይደለም፤ ፈርታ ነው።

ፍቱላትና እንደ አዲስ ጀምሩ። መጀመሪያ ሃርነሱን ምግቧ አጠገብ አስቀምጡት። ታሽትተው፣ ትተኛበት። ሦስት ቀን ይበቃል፤ ካልበቃት ሳምንት ይሁን። ከዚያ ሳታስሩት ጀርባዋ ላይ ጣል አድርጉት፣ አንድ ቁራሽ ስጧት፣ አንሱት። ቁራሹ ጨው የሌለው የተቀቀለ ዶሮ ይሁን፣ ሽምብራ የምታክል። ከወጥ ላይ አውጥታችሁ አትስጡ! ቀይም ነጭም ሽንኩርት የድመትን ደም ይጎዳል።

ቀጥሎ የዘለበቱ ድምፅ አለ። አንዲት ግራጫ ድመት ሃርነሱን ለምዳው ነበር፤ ዘለበቱ «ቀጭ» ሲል ግን አልጋ ስር ትገባለች። አራት ቀን ሙሉ ዘለበቱን በፎጣ ጠቅልዬ ራቅ ብዬ አስጮህኩት። ቀጭ፣ ዶሮ። ቀጭ፣ ዶሮ። በአምስተኛው ቀን ድምፁን ሰምታ ራሷ መጣች። በቬልክሮ (ተጣብቆ በሚላቀቅ ሻካራ ጨርቅ) የሚዘጋው ደግሞ ሲላቀቅ ጆሮዋ ስር የሚቀደድ ነገር ይመስላታል፤ ቢቀር ይሻላል።

ታስሮላት ከተኛች አታንሷት፣ አትጎትቷት። ቁራሹን አንድ እርምጃ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ። አንገቷን ሰግጋ ከደረሰችበት እሱም እርምጃ ነው። ለዛሬ ይበቃል፣ ፍቱላት። የራሴዋ ሦስት ሳምንት ሊሞላት ነበር። በ17ኛው ቀን ጅራቷን ወደ ላይ ቀጥ አድርጋ ከሳሎን ኩሽና ሄደች። ጅራት ቀጥ ሲል ደህና ነኝ ማለቷ ነው። ገመዱን ያኔ ቀጥሉላት፣ ያውም መጀመሪያ ቤት ውስጥ።

ምልክት፦ ወደ ኋላ እያለች ሾልካ ታመልጣለች

ምክንያቱ የትከሻዋ ነገር ነው። የአንገትጌ አጥንቷ ከሌላው አጥንት ጋር አልተያያዘም። ጭንቅላቷ ባለፈበት ትከሻዋም ያልፋል። እናንተ ከፊት ስትጎትቱ ደግሞ ሃርነሱን ራሳችሁ እያወለቃችሁላት ነው።

የመጀመሪያዋ ድመቴ እንዲህ አመለጠችኝ። ሃርነሱ እጄ ላይ ቀረ፣ እሷ የቆመ መኪና ስር ገባች። ሁለት ሰዓት አስፋልት ላይ ተንበርክኬ ለመንኳት። ለቡችላ የተሠራውን «ለድመትም ይሆናል» ብለው ይሸጣሉ። አይሆንም! ከፊት እግሮቿ ኋላ ደረቷን በሜትር ለክታችሁ ግዙ። ከሥሩ አንድ ጣት፣ ቢበዛ ሁለት ይግባ። ከመውጣታችሁ በፊት ቤት ውስጥ ወደ ኋላ እንድትል አድርጋችሁ ፈትኑት። ደጅ ላይ ወደ ኋላ ካለች ገመዱን አላሉ፣ ወደ እሷ ቅረቡ።

ምልክት፦ ደጅ ስትደርስ ትደነግጣለች

የአዲስ አበባ ሰፈር ያለ ውሻና ያለ መኪና አይሆንም። በማለዳ ውጡ። በራሷ እግር ከበር አታስወጧት፤ ከለመደች በር በተከፈተ ቁጥር ትሮጣለች። በቦርሳ ይዛችኋት ውረዱ፣ ዚፑን ክፈቱ፣ ራሷ ትውጣ። ጅራቷ ከተነፋ ወይ ጆሮዋ ከተጋደመ ቦርሳውን አስጠጉላት። አትቀፏት፤ የፈራች ድመት ባለቤቷንም ትቦጭቃለች። ውሻ ካያችሁ ቶሎ ወደ ቦርሳው።

ሌሎች

ገመዱን ታኝካለች፦ ስትገቡ ወዲያው ፍቱት። ብብቷ ተላጠ፦ ሃርነሱ ጠቧል። የሚጠቀለል ገመድ፦ ተዉት፤ መያዣው ከእጃችሁ ካመለጠ እየተንኳኳ ያሳድዳታል። ዛፍ ላይ አስሮ ዞር ማለት፦ በፍጹም፤ ታንቃ ትሞታለች። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያልወሰደች፦ እንስሳት ሐኪም ጋ ሳትደርስ ከበር አትውጣ።