የሣር ስፌትን የዕለት ልማድ ለማድረግ ሲነሡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በባሕር ዳር ስፌት ለመማር ወደ እኔ ከሚመጡት አብዛኞቹ የእጅ ችሎታ አይጎድላቸውም። የሚጎድላቸው ወስፌን ዛሬም ነገም የማንሣት ልማድ ነው፤ ይህም ልማድ የሚፈርሰው ገና በጅምሩ በሚሠሩ ስህተቶች ነው።

ከሁሉ የከፋው በመሶብ መጀመር ነው። ይህን ደጋግሜ ብናገርም ጀማሪዎች ገበያ ወርደው ስንደዶና አክርማ ከተባሉት የስፌት ሣሮች አንድ ሸክም ይገዙና ለመጪው ሠርግ የሚደርስ ትልቅ መሶብ እሠራለሁ ብለው ይነሣሉ። ክብ ሥራ እየሰፋ በሄደ መጠን እያንዳንዱ ዙር እንደሚረዝም አያስተውሉም። ስፋቱ 10 ሳንቲ ሜትር ሳለ አንዱ ዙር 31 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ስፋቱ 40 ሲደርስ ግን አንዱ ዙር ከ125 ሳንቲ ሜትር ያልፋል። በመጀመሪያው ሳምንት በአንድ ምሽት ብዙ ዙር የዘጋች ሴት ውላ አድራ አንዱን ዙር እንኳ መዝጋት ሲያቅታት እጇ የሰነፈ ይመስላታል፤ የመጀመሪያው ጉጉት የሚበርደውም በዚያው ሰሞን ስለሆነ ሥራው ከአልጋ ሥር ይገባል። አንዲት ተማሪዬ እንዲህ ያስቀመጠችውን የመሶብ ክዳን ክረምት ካለፈ በኋላ ስታወጣው ሻግቶ፣ ጠርዙም ተጣሞ አገኘችው፤ ከዚያ በኋላ ወስፌ አላነሣችም። እንዲህ ያለ ጥሩ እጅ በከንቱ ሲቀር ማየት ያሳዝነኛል። ስለዚህ እባክዎ በማቶት፣ ማለትም ጀበና በሚቀመጥባት ክብ ማስቀመጫ፣ ወይም በስኒ ማስቀመጫ ይጀምሩ። ማቶት በጥቂት ቀናት ታልቃለች፣ ወዲያውም አገልግሎት ላይ ትውላለች፣ ቡና በተፈላ ቁጥርም የሠራት ሰው ስህተቷን ከነውበቷ ያይባታል። መሶብ ለጊዜው ይቆይ።

ሁለተኛው ስህተት የሳምንቱን ሣር በአንድ ጊዜ መንከር ነው። የሚጠቀለለው ሣር ደረቅ ከሆነ ሲታጠፍ ስለሚሰነጠቅ፣ ውኃ አስነክቶ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ማቆየት ግድ ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ነክሮ በፌስታል መቋጠር፣ በተለይ በጣና ዳር ክረምት፣ ሻጋታ መጋበዝ ነው፤ መጀመሪያ ሽታው ይለወጣል፣ ቀጥሎ ጥቁር ነጠብጣብ ይወጣበታል፣ ነጠብጣቡም ቢታጠብ አይለቅም። በየዕለቱ የሚነከረው አንድ ጭብጥ ብቻ ይሁን። ይህ ጭብጥ ከሰዓትም ከዙርም የተሻለ የዕለት መለኪያ ነው፤ ክቡ ቢሰፋም እርሱ አይለወጥም፣ ሲያልቅም የቀኑ ሥራ አለቀ ማለት ነው። የተረፈ ካለ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ተበትኖ ይደር።

«ቅዳሜ ጊዜ ሳገኝ እሰፋለሁ» ማለት ሌላው ስህተት ነው። ቅዳሜ ገበያ አለ፣ ልቅሶ አለ፣ እንግዳ አለ። እናቶቻችን አብዛኛውን ስፌታቸውን የሠሩት ለብቻው በተመደበ ሰዓት አልነበረም፤ ቡናው እስኪፈላ፣ ከጎረቤት ጋር ወሬ ሲያወጉ፣ እጃቸው ሥራ አይፈታም ነበር። ወስፌዎንና ሣርዎን ቁም ሳጥን ውስጥ አይደብቋቸው፤ ከረከቦቱ አጠገብ ያስቀምጧቸው፤ ከአንደኛ እስከ በረካ ያለው ጊዜ ለአንድ ጭብጥ ይበቃል። ብርሃን ባለበት በር ወይም መስኮት ዘንድ ይቀመጡ፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ሥራው እንዳይቋረጥ ቀኑ ሳይመሽ መጀመር ይሻላል።

በዓል ሲመጣ ልማዱ ተቋረጠ ብሎ ተስፋ መቁረጥም አለ። ወር በገባ በ12 ሚካኤልን፣ በ21 ማርያምን፣ በ29 ባለወልድን በሚያከብር ቤት ወስፌ አይነሣም፤ እሑድም እንዲሁ ነው። በስልካቸው ላይ ያለ ማስታወሻ ቀን አጓደላችሁ ስላላቸው ብቻ ሁሉንም ትተው ከመጀመሪያ የሚቆጥሩ ወጣቶች አጋጥመውኛል። የበዓል ቀን የልማዱ አንድ ክፍል እንጂ ክፍተት አይደለም፤ የሚያስፈልገው ጥንቃቄ በዋዜማው ሣር አለመንከርና በማግሥቱ ማለዳ ጭብጡን ሳይረሱ ማዘጋጀት ብቻ ነው።

ቀለምን በተመለከተ የመጀመሪያዎቹን ሥራዎች ቀለም ባልተነከረ፣ በተፈጥሮ መልኩ ባለ ሣር ይሥሯቸው፤ ቀለም ሲመርጡ የሚያልፈው ምሽት ለወስፌው ይትረፍ። በኋላም አለላ፣ ማለትም ቀለም የተነከረ ሣር፣ ሲያስገቡ፣ ቀለሙ የሚያጥቡበት ውኃ ጥርት እስኪል ድረስ ካልታጠበ፣ በሥራ ላይ ሲርስ ከጎኑ ያለውን ነጩን ያበላሽብዎታል።

ቪዲዮ እያዩ መዋል ስፌት አይደለም።

የመጨረሻው ስህተት ቶሎ ለመሸጥ መቸኮል ነው። በዘጌ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም በሚወስደው መንገድ ዳር ከደንገል የተሠሩ ትናንሽ ታንኳዎችን ለጎብኚ የሚሸጡትን ያየ ጀማሪ እኔስ ለምን አልሸጥም ማለቱ አይገርምም፤ ገቢም ነውር የለበትም። ችግሩ እጁ ሳይጸና ትእዛዝ የተቀበለ ሰው በየቀኑ በደስታ ይሠራው የነበረው ነገር በአንድ ጊዜ ዕዳ ስለሚሆንበት፣ ለቀጠሮው ሲል ሌሊቱን ሰፍቶ ከዚያ በኋላ ወስፌ ማየት መጥላቱ ነው። ትእዛዝ የሚቀበሉት የሠሯቸው ሁለት ማቶቶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ስፋታቸው እኩል ሲሆን፣ ጀበናውም በሁለቱም ላይ ሳይዘም ሲቆም ይሁን፤ ያን ጊዜም የማስረከቢያውን ቀን ከገዢው ጉጉት ሳይሆን ከዕለት ጭብጥዎ ተነሥተው፣ በዓላቱንም ቀንሰው ያስሉት።