ቆሞ ለመዋል የሚስማማኝን ጫማ ያገኘሁበት መንገድ
በቀን 10 ሰዓት ያህል ቆሜ ስለምሠራ፣ ማታ ማታ ተረከዜን እንደ መርፌ የሚወጋ ሕመም ለወራት አስቸግሮኝ ነበር። ጥፋቱ የሶሉ መድረቅ መስሎኝ እጅግ ለስላሳ ጫማ ብገዛም፣ ስፖንጁ በክብደቴ እየተጨፈለቀ ይበልጥ ያደክመኝ ጀመር። መፍትሔው የተገኘው እግሬን በምሽት ስለካ ነው፤ እግር ቀኑን ሙሉ ሲቆሙበት ስለሚያብጥ፣ ጠዋት ልክ የነበረው ጫማ ወደ ማታ ይጠባል። ቀኝ እግሬ ከግራው እንደሚበልጥ ያወቅሁትም ያን ጊዜ ነው (ይህን ሳላውቅ ስንት ዓመት መኖሬ ይገርመኛል)። ስለዚህ በትልቁ እግሬ ልክ፣ ከረጅሙ ጣቴ ፊት 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት የሚተው፣ ተረከዝን አጥብቆ የሚይዝ፣ መሐሉ ላይ ሳይሆን ጣቶች ሥር ብቻ የሚታጠፍ ጫማ መረጥሁ። በሦስተኛው ሳምንት ሕመሙ ጠፋ።